«ከፊቱ ያስታውቃል»፦ ስለ ወንጀልና ተፈጥሮ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ታክሲ ውስጥ ስልክ ጠፋ ሲባል ዓይን ሁሉ ልብሱ ወዳደፈው፣ ፊቱ ላይ ጠባሳ ወዳለው ልጅ ይዞራል። «ከፊቱ ያስታውቃል» ይባላል። ይህ አነጋገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ሳይንስ ተብሎ ይሰጥ ነበር።

አመለካከት፦ ወንጀለኛ በመልኩ ይለያል።

ይህን ያስፋፋው ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ ነው። በሌብነት ታስሮ የነበረ ጁሴፔ ቪሌላ የሚባል የካላብሪያ ሰው ነበር። ሎምብሮዞ የዚህን ሰው የራስ ቅል ሲመረምር ከኋላ፣ በውስጥ በኩል፣ አንድ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ አገኘ። በሰው ላይ እምብዛም አይታይም፣ በአንዳንድ እንስሳት ግን የተለመደ ነው አለና ወንጀለኛ ወደ ጥንተ ሰው የተመለሰ ፍጡር ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1876 መጽሐፉን አሳተመ። ትልቅ መንጋጋ፣ የገጠጠ ጉንጭ፣ እንደ ጀበና እጀታ የቆመ ጆሮ፣ ንቅሳት ሳይቀር የወንጀለኛ ምልክት ሆኑ። አንገታቸውንና ድዳቸውን ተነቅሰው ያሳደጉንን አያቶች ሳስብ ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ሰው በፈቃዱ የተነቀሰው እንዴት ከተፈጥሮው ይቆጠራል?

ትልቁ ስህተት ግን ሌላ ነው። ሎምብሮዞ የለካው በአመዛኙ እስረኛና የአእምሮ ሕመምተኛ ሲሆን፣ ከእስር ቤት ውጭ ካለው ሰው ጋር በሚገባ አላነጻጸረም። ደሃው በቀላሉ በሚታሰርበት አገር እስረኛን መለካት ድህነትን መለካት ነው።

አመለካከት፦ በዘመኑ የተሻለ ማወቅ አይቻልም ነበር።

ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1885 ሮም ላይ በተደረገ ጉባኤ ፈረንሳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ላካሳኝ ዋናው ጉዳይ ሰው የሚኖርበት ኅብረተሰብ ነው ብሎ ሞግቶታል። በ1913 ደግሞ እንግሊዛዊው ቻርልስ ጎሪንግ 3,000 ገደማ እስረኞችን ከወታደሮችና ከተማሪዎች ጋር አነጻጽሮ የተለየ የወንጀለኛ መልክ አላገኘም። ጎሪንግም ግን ከስህተት አልጠራም፦ እስረኞቹ አጠር፣ ቀለል ያሉ መሆናቸውን ከዘር ውርስ የመጣ አደረገው። በልጅነቱ የተራበም ሰው እኮ ያጥራል!

አመለካከት፦ ተጨማሪ ዋይ ክሮሞሶም (ወንድነትን የሚወስን የዘር ቅንጣት) ያለው ወንድ ጨካኝ ነው።

ወሬው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1965 ስኮትላንድ ውስጥ ጥብቅ ጥበቃ ባለው ሆስፒታል ከተመረመሩ 197 ወንዶች 7ቱ ላይ በመገኘቱ ነው። አሁንም የተፈለገው ከተዘጋ በር ጀርባ ነበር። በ1976 የወጣው የዴንማርክ ጥናት ከ4,000 በላይ ረጃጅም ወንዶችን መርምሮ 12 ብቻ አገኘ። ከሌላው ይልቅ የተፈረደባቸው ቢበዙም ጥፋታቸው ባብዛኛው ቀላል እንጂ የጭካኔ አልነበረም። ከ1,000 ወንዶች አንዱ ገደማ ይህ ክሮሞሶም አለው፤ ብዙዎቹ ሳያውቁት ይኖራሉ።

አመለካከት፦ ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው።

የቪሌላ የራስ ቅል ዛሬም በጣሊያኗ ከተማ ቶሪኖ፣ በሎምብሮዞ ስም በተሰየመው ሙዚየም ውስጥ አለ። የትውልድ መንደሩ የሞታ ሳንታ ሉቺያ ሰዎች ወስደን እንቅበረው ብለው ከሰሱ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ለሙዚየሙ ፈረደ።