በአዲስ አበባ ዳርቻ የሰፈር በጎ አድራጎት ማኅበር፦ ሰው ለምን ይገባል፣ ለምንስ ይጸናል?

የሰፈር በጎ አድራጎት ማኅበር በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ገንዘብ እያዋጡ፣ ጊዜና ጉልበት እየሰጡ፣ አባል ለሆነውም ላልሆነውም ጎረቤት የሚደርሱበት ስብስብ ነው። ደመወዝተኛ የለውም፤ ቢሮ ያለውም ጥቂቱ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በጀሞና በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በቂሊንጦ፣ በአያት፣ በቦሌ አራብሳና በየካ አባዶ እንዲህ ያሉ ማኅበራት ከመንደሮቹ ጋር አብረው በቅለዋል። አንዱ የመረዳጃ ማኅበር ይባላል፤ ሌላው የወጣቶች የበጎ ፈቃድ ክበብ፤ ሌላው ደግሞ የብሎኩን ቁጥር ይዞ የእናቶች ማኅበር ይሆናል። ስማቸው ይለያይ እንጂ የሚነሱበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ማንም በማያውቀኝ በዚህ ቦታ ቢያመኝ ማን ይደርስልኛል?

ዕጣ ያገናኛቸው ጎረቤቶች

ነገሩን ለመረዳት ከቤቶቹ መጀመር ያስፈልጋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሙከራ ተጀምሮ የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከመሐል ከተማ ወደ ዳርቻው አውጥቷል። ቤቱ የሚታደለው በዕጣ ስለሆነ ጎረቤትም የሚታደለው በዕጣ ነው። በአንድ ደረጃ ላይ ከመርካቶ የመጣ ነጋዴ፣ ሰፈራቸው ፈርሶ ምትክ ቤት የተሰጣቸው እናት፣ ከክፍለ ሀገር የተዛወረ መምህርና ገና የተጋቡ ሁለት ተከራዮች በር ለበር ይገጥማሉ። አንዱ የሌላውን እናት ስም አያውቅም።

ሕንፃዎቹ አብዛኞቹ ከምድር ወለሉ በላይ አራት ፎቅ ያላቸው ሲሆኑ አሳንሰር የላቸውም። በእኔ እይታ የብዙ ማኅበራት ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ደረጃ ላይ ነው። ታማሚን በወንበር አስቀምጦ ከአራተኛ ፎቅ በሌሊት ለማውረድ አራት ጠንካራ ሰው ያስፈልጋል። የአስከሬን ሣጥን በጠባቡ መታጠፊያ ሳያጋድሉ ማዞር ደግሞ ከጉልበት በላይ መደማመጥን ይጠይቃል። በአንድ ብሎክ የመጀመሪያው ሞት ሲደርስ ሰዎች ያንን ሣጥን ተሸክመው ይወርዳሉ፤ ምድር ሲደርሱ ስም ይለዋወጣሉ። በሳምንቱ እድር ለማቋቋም ይሰበሰባሉ። «ቀባሪ አታሳጣኝ» የሚለው የአባቶች ጸሎት በአዲስ መንደር ውስጥ አጣዳፊ ጉዳይ ይሆናል።

የሚሰበሰቡበት ቦታም ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። ግንባታውን ያቀዱ ባለሙያዎች ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለድግስና ለልቅሶ የሚያገለግል የጋራ ቤት ከብሎኮቹ አጠገብ አሠርተዋል፤ ነዋሪው «ኮሙናል» ይለዋል። የእድሩ ድንኳን፣ ብረት ድስቱ፣ ሰሃኑና አግዳሚ ወንበሩ የሚቀመጠው እዚያ ነው። በጎ አድራጎቱም ሲመሠረት የመጀመሪያ ጉባኤውን የሚያደርገው በዚያው ቤት፣ በዚያው አግዳሚ ላይ ነው።

ከመሐል ከተማ የወጣ ሰው የቀድሞ ሰፈሩን እድር ቶሎ አይለቅም። ለሁለት ይከፍላል፤ በወር አንድ እሑድ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ወደ ድሮ ሰፈሩ ይሄዳል። ሒሳብ ለሚያሰላ ሰው ይህ ኪሳራ ነው። ሰውየው ግን እዚያ የሚያውቁት ሰዎች እንዳሉ ያውቃል፤ እዚህ ደግሞ እስኪያውቁት ድረስ መሸጋገሪያ ይፈልጋል።

ከኮንዶሚኒየሙ አጥር ማዶ ያሉትን መርሳት አይገባም። ብዙዎቹ መንደሮች የቆሙት ጤፍና ስንዴ ይበቅልበት በነበረ መሬት ላይ ነው። የአካባቢው ነባር ቤተሰቦች፣ ብዙዎቹ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች፣ አዲሱን መንደር የሚያዩት በተቀላቀለ ስሜት ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነባሩና መጤው በእኩልነት አብረው ሊሠሩ ከሚችሉባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይኸው ማኅበር ነው። በሰኔ የጎርፍ መውረጃ ሲጠረግ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው መሬቱን ያርስ የነበረው ሽማግሌ ነው፤ መሐንዲሱም ቢሆን እሳቸውን ቢጠይቅ ይጠቀማል። ለሥራውም የሚሆን ቃል አስቀድሞ አለ፤ ደቦ በአማርኛም በኦሮምኛም ደቦ ነው።

ከእድር የወረሰው

በጎ አድራጎት ማኅበር የእድር ልጅ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ዳኛው ወይም ሊቀ መንበሩ፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ፣ የስም መዝገቡ፣ የቀረ የሚቀጣበት ሕግ ሁሉ ከእድር የተቀዳ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ትልቅ ልዩነት ግን ነው። እድር የሚደርሰው ለከፈለ አባልና ለቤተሰቡ ነው። በጎ አድራጎቱ የሚደርሰው ምንም ላልከፈለ፣ ምናልባትም ሊከፍል ለማይችል ሰው ነው።

ይህ ድንበር በእድር ውስጥም ቢሆን ቀስ በቀስ ሲሰፋ ቆይቷል። እድር በአዲስ አበባ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከገጠር ወደ ከተማ የፈለሱ ሰዎች ዘመድ በሌለበት ቦታ ቀባሪ ለማግኘት ሲሰባሰቡ ነው። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ኤድስ የልቅሶውን ቁጥር ሲያበዛው ብዙ እድሮች የቀብር ገንዘባቸው እያለቀ፣ የሟች ልጆችም ያለ አሳዳጊ እየቀሩ መሆኑን አዩ። የሞተውን ከመቅበር አልፎ የታመመውን ማስታመም፣ ወላጅ አልባውን ትምህርት ቤት ማስገባት የጀመሩት ያኔ ነው። የዛሬዎቹ ማኅበራት መሥራቾች ብዙዎቹ ያንን ዘመን በወጣትነታቸው ያዩ ሰዎች ናቸው።

ከውጭ የመጣው የአገልግሎት ክበብ ታሪክ ሌላ ነው። ሮታሪ እ.ኤ.አ. በ1905 በቺካጎ፣ ላየንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1917 ተመሥርተው በኢትዮጵያም ክበቦች አሏቸው፤ የተጀመሩት ግን ከንግድና ከሙያ ሰዎች ነው። በ1927 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም በበጎ ፈቃደኞች የቆመ ነው። የሰፈሩ ማኅበር መግቢያ ግን ሙያም ሀብትም አይደለም። እዚያ መኖር ብቻ ይበቃል።

የሚገቡበት ምክንያት

ሰዎች ለምን እንደገቡ ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ የሚመልሱት «ለበጎ ሥራ ነው» ብለው ነው። እውነት ነው። ምጽዋት፣ ዘካና ሰደቃ በሃይማኖት የታዘዙበት ማኅበረሰብ ውስጥ መስጠት እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን ምጽዋት ለብቻም ይሰጣል፤ ወደ ማኅበር የሚያስገባው ሌላ ነገር ነው።

የመጀመሪያው መታወቅ ነው። አዲስ ሰፈር የገባ ሰው ወራት ሙሉ «የ304 ቁጥር ሰውዬ» ተብሎ ሊኖር ይችላል። ማኅበሩ አንድ ቅዳሜ አካፋ ሲያስይዘው ስሙ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ በደረጃው ላይ ሰላምታው ይረዝማል። ይህንን እንደ ራስ ወዳድነት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። የሚታወቅ ሰው ሲያመው የሚጠየቅ፣ ልጁ ሲጠፋ የሚፈለግለት ሰው ነው። ይህንን መሻት ነውር የለበትም።

ሌላው ብድር መመለስ ነው። እናቱ ሲሞቱ ያላወቃቸው ሰዎች ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ አብረውት ያመሹለት ሰው ያንን ውለታ ለእነርሱ ብቻ መመለስ አይበቃውም። ጡረታ የወጣ መምህር ወይም የባንክ ሠራተኛም እጁ ሥራ ሲፈታ መዝገብ መያዝ እንደሚችል ትዝ ይለዋል፤ ማኅበሩም እንዲህ ያለውን ሰው አይለቅም። ወጣቶች የሚመጡት በአብዛኛው በክረምት፣ ትምህርት ሲዘጋ ነው። የበጎ ፈቃድ ምስክር ወረቀት ለሥራ ማመልከቻ እንደሚጠቅም ስለሚያውቁ የሚመጡም አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ወረቀቱን ከተቀበሉ በኋላም ማኅበሩን አይለቁም።

የማኅበሩ የጀርባ አጥንት ግን ሴቶች ናቸው። በቤቶቹ ዕጣ 30 በመቶው ለሴቶች እንዲሆን ስለተወሰነ በየብሎኩ ቤታቸውን ብቻቸውን የሚያስተዳድሩ እናቶች ብዙ ናቸው። የአባላት ምልመላው በስብሰባ አይካሄድም፤ በቡና ነው። አቦል ሲቀዳ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት አዛውንት ከተኙ ሦስተኛ ቀናቸው መሆኑ ይነገራል። ቶናው ላይ ማን ገንፎ እንደምትወስድ፣ ማን ጤና ጣቢያ እንደምታደርስ ይመደባል። በረካ ሳይደርስ አዲሷ ተከራይ አባል ሆናለች፤ ማንም ቅጽ አላስሞላትም። ጉባኤ ላይ ሲመረጡ ግን ሊቀ መንበሩ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ይሆናል። ይህ መስተካከል ያለበት ልማድ ነው፤ ሥራውን የሚያውቁት ሌሎች ናቸውና።

የሥራው ዓመት

ዓመቱ የሚጀምረው በጳጉሜን ነው። ደብተር፣ እስክሪብቶና የደንብ ልብስ ተገዝቶ በትምህርት ቤት መክፈቻ ለችግረኛ ልጆች ይታደላል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካና ለሁለቱ ዒዶች ዘይት፣ ዱቄትና ዶሮ እየተገዛ ማዕድ ይጋራል። አያት አካባቢ ያሉ ማኅበራት በበዓላት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሄደው ምግብ ማቅረብና ልብስ ማጠብ የተለመደ ሆኗል። ክረምት ሲገባ የአረጋውያን ቤት ጣሪያ ይቀየራል፤ ችግኝም ይተከላል።

በዓመቱ መካከል የደም ልገሳ አለ። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነና ክብደቱ ከ45 ኪሎ ግራም ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል። በእኔ ግምት ከሁሉም ሥራዎች አዲስ ሰውን በቶሎ የሚያቀራርበው ይህ ነው፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ከባለጠጋው እኩል የሚሰጥበት ቀን ስለሆነ።

መዝገቡ

ማኅበር የሚቆመውም የሚወድቀውም በመዝገቡ ነው። ጠንካሮቹ ገንዘባቸውን በባንክ ያስቀምጣሉ፤ ያለ ሦስት ፈራሚ አይወጣም። ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይቆረጣል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ መዋጮው በስልክ ሆኗል፤ ወጪና ገቢው በየወሩ በቴሌግራም ቡድን ይለጠፋል። ይህ የማይደረግበት ማኅበር ሲፈርስ አይቻለሁ። ሌብነት እንኳ አልነበረበትም፤ ሒሳቡ ለስምንት ወር አልተነበበም፣ ሰው መጠርጠር ጀመረ፣ መዋጮው ቆመ።

አባል ሳይሆኑ የሚደግፉ ብዙ ናቸው። ባለ ሱቁ ዘይቱን በመጣበት ዋጋ ይሰጣል፤ የሚኒባስ ባለቤቱ አንድ እሑድ ያለ ክፍያ ያመላልሳል፤ ውጭ አገር ያለ ወንድም በእህቱ በኩል ይልካል። እነዚህ ሰዎች ስብሰባ የላቸውም፣ ቃለ ጉባኤም አያነቡም። የሚደግፉት የሰጡት ነገር የት እንደደረሰ በዓይናቸው ስለሚያዩ ነው። የተለወጠው ቆርቆሮ ከሱቁ በር ይታያል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ዘይትና ዱቄት የሚቀበሉ አረጋውያንን ከባነር ፊት አሰልፎ ፎቶ ማንሳት። ለሰጪዎች ማስረጃ ማቅረብ ተገቢ ነው፤ ለዚያ ደረሰኙ አለ። የእናታችን ፊት ማስረጃ መሆን የለበትም። ይህንን የተረዱ ማኅበራት ማታ ማታ በር አንኳኩተው ያደርሳሉ፤ ተቀባዮቹም በማግሥቱ በደረጃው ላይ አንገታቸውን ሳይደፉ ይወርዳሉ።

የተከራዮች ጉዳይ እስከ አሁን መልስ አላገኘም። ዕጣ የወጣላቸው ብዙዎች ቤታቸውን ያከራያሉ፤ ኪራዩ ሲጨምር ተከራዩ ይለቃል፣ ማኅበሩም የለመደውን ሰው ያጣል። አንዳንዶች በዚህ ምክንያት ባለቤት ያልሆነን አይመዘግቡም። እኔ ያለሁበት ማኅበር ከብዙ ክርክር በኋላ ሌላ መንገድ መርጧል። ተከራይ ሲለቅ ጸሐፊያችን ስሙን አይሰርዙትም፤ ከጎኑ የሄደበትን ሰፈር ይጽፋሉ። ባለፈው ጳጉሜን ወደ ገላን የተዛወረ አንድ ልጅ ሁለት ታክሲ ይዞ በጠዋት ኮሙናሉ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። ስሙ በዝርዝሩ ላይ ነበርና ሥራ ተመድቦለታል፤ የደብተሮቹን ማሠሪያ ክር የሚቆርጠው እርሱ ነው።