ናርሲሲዝም ምንድን ነው? ከውሸትስ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ናርሲሲዝም ራስን ከሌላው አልቆ ማየት፣ ዘወትር አድናቆት መሻትና ለሰው ስሜት ደንታ ማጣት ነው። ባሕርዩ በመጠኑ በብዙዎቻችን ላይ አለ። የስብዕና መታወክ የሚባለው ግን ሥር ሰዶ ኑሮን ሲያቃውስ፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ካስቀመጣቸው 9 መለኪያዎችም ቢያንስ 5ቱ ሲሟሉ ነው። ውሸት ከ9ኙ አንዱ አይደለም፤ ማታለል የተጠቀሰው በጸረ ማኅበራዊ የስብዕና መታወክ ሥር ነው። "ይዋሻል፤ እንግዲያው ናርሲሲስት ነው" ማለት ስለዚህ አያስኬድም።

ታዲያ ምን ያገናኛቸዋል? ተራ ውሸታም ገንዘብ ፈልጎ ወይም ቅጣት ፈርቶ ይዋሻል። ናርሲሲስቱ በአመዛኙ የሚዋሸው ስለ ራሱ የሣለው ምስል እንዳይሰነጠቅ ነው። ፒያሳ ቡና እየጠጣ "የዘንድሮን ጥምቀት ያስተባበርኩት እኔ ነኝ" የሚል ሰው ሳንቲም አያተርፍበትም፤ የሚያተርፈው የሰሚዎቹን ዓይን ነው። ግማሹን ራሱም ሊያምነው ስለሚችል ድምፁ ላይረበሽ ይችላል።

ተመራማሪዎች ይህን ዝንባሌ ለመለካት አንድ ብልሃት አላቸው፦ በታወቁ ስሞች መሐል የሌለ ስም ይሰነቅራሉ። በጎንደር ቢሞከር የፋሲልን፣ የኢያሱንና የምንትዋብን ግንብ ጠርቶ፣ ፈጽሞ ያልተሠራ ግንብ ጨምሮ "የትኞቹን ያውቃሉ?" እንደማለት ነው። ናርሲሲስታዊ ዝንባሌው የበረታ ሰው የሌለውንም "አውቀዋለሁ" ማለት ይቀናዋል።

ፉከራና ቀረርቶ ግን ሌላ ናቸው። ሰሚው ወጉን ያውቃል፤ ፎካሪውም ሲቀመጥ ወደ ልኩ ይመለሳል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው እርማት ሲመጣ ነው። ተራ ጉረኛ ስቆ ያልፋል። ናርሲሲስቱ ይቆጣል፤ ስስና ተሸማቃቂ ዓይነቱ ከሆነ ደግሞ አኩርፎ ተበዳይ ይሆናል። ቀጥሎ "እንደዚያ አላልኩም፣ አንተ ነህ የተሳሳትከው" ይመጣል። በሰው ፊት ማጋለጥ የማይሠራው ለዚህ ነው፤ የተነካውን ምስል ለማዳን ሁለተኛ ውሸት ይጨመራል። ለብቻ፣ አንድ ጉዳይ ብቻ፣ ቀንና መጠን ጠቅሶ ማንሳት ይሻላል። የዕቁብ ወይም የዕድር ገንዘብ ካለበት ደግሞ ስምምነቱ በዕለቱ ተጽፎ ይፈረም፤ የቃል ስምምነት በሳምንቱ ሌላ መልክ ይይዛል።

ለናርሲሲዝም ራሱ የተፈቀደ መድኃኒት የለም፤ ሕክምናው ረጅም የንግግር ሕክምና ነው። አብዛኞቹም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት "እዋሻለሁ" ብለው ሳይሆን ድብርት ሲይዛቸው ወይም ትዳራቸው ሲናጋ ነው።