ፕሮግረሲቭ መነጽር ሲያንገዳግድ

ከ40 ዓመት አካባቢ ጀምሮ የዓይናችን ሌንስ እየጠጠረ ይሄዳል። የቅርቡ ፊደል ይደበዝዛል። ደብረ ማርቆስ ላይ ዳዊታቸውን ከፊታቸው አርቀው የሚደግሙ አባቶችን ያየ ይህን ያውቀዋል።

ፕሮግረሲቭ መነጽር ሦስቱንም ርቀት በአንድ ሌንስ ይይዛል። ላይኛው ለሩቅ፣ መሃሉ ለኮምፒውተር ያህል ርቀት፣ ታችኛው ለንባብ። ማዘዣው ላይ «አድ +2.00» የሚል ካያችሁ፣ የታችኛው ኃይል ከላይኛው በ2 ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ይበልጣል ማለት ነው።

ችግሩ ዳርና ዳሩ ነው። ኃይሉ የሚለይ መስመር ሳይኖር ቀስ በቀስ ሲጨምር ብዥታው ወደ ግራና ቀኝ ይገፋል። የሌንሱ ባሕርይ ነው እንጂ የሠሪው ስንፍና አይደለም (ውዱ ሌንስ ይቀንሰው እንደሆነ እንጂ አያጠፋውም)። ስለዚህ መንገድ ስትሻገሩ ባጃጁን በዓይን ጥግ አትፈልጉ፤ አንገታችሁን አዙሩ። ደረጃ ስትወርዱ አገጫችሁን ወደ ደረት ዝቅ አድርጉ። አለዚያ መርገጫውን በንባቡ ክፍል ታዩትና ብዥ ይላል። ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል በእግሩ ለሚወርድ ሰው ይቺ ቀላል ነገር አይደለችም።

ብዙው ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለምደዋል። ከአሮጌው ጋር ማፈራረቅ ግን ነገሩን ያጓትተዋል። ከዚያም በኋላ ራስ ማዞሩ ካልተዋችሁ መነጽሩን ይዛችሁ ወደ ሠሩበት ተመለሱ። የብሌን ልኬቱ (ብሌናችሁ ከሌንሱ የትኛው ቦታ ፊት እንደሚውል) በጥቂት ሚሊሜትር ከሳተ ትዕግሥት አያቃናውም።