የደም ግፊትና የልብ ምት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ግፊት በተወራ ቁጥር ተደጋግመው ከሚነሡት አባባሎች አንዱ «ልብን የሚያስመታው አንጎል ነው» የሚለው ነው። ልብ ግን ምቱን የሚያመነጨው ከራሱ ነው፤ በቀኝ የላይኛው ክፍሉ ያሉ ልዩ ሕዋሳት ያለ ማንም ትእዛዝ በደቂቃ 100 ጊዜ ያህል ይመታሉ። ዕረፍት ላይ ባለ ሰው ምቱ ወደ 70 ገደማ የሚወርደው የአንጎል ግንድ ቬገስ በተባለው ነርቭ አማካይነት ልጓም ስለሚይዘው ነው። ነርቮቹ ተቆርጠው የሌላ ሰው ልብ የተተከለለት ታካሚ በዕረፍት ጊዜም ልቡ ፈጠን ብሎ የሚመታው በዚሁ ምክንያት ነው።

በቀትር ሙቀት ከተቀመጠበት ብድግ ሲል የሚያዞረው ሰው ደግሞ «ደም አንሶኝ ነው» ይላል። ደም ማነስ ራስ ማዞሩ እውነት ቢሆንም፣ ሲነሡ ብቻ ለሚመጣ ማዞር ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። ስንቆም ከግማሽ ሊትር የማያንስ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል፤ በአንገትና ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ግድግዳ ላይ ያሉ የግፊት ጠቋሚዎች ይህን ለአንጎል ግንድ ሲያሳውቁ፣ እርሱም በሴኮንዶች ውስጥ የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የደም ሥሮችንም ያጠብባል። ሙቀት የቆዳን ደም ሥሮች ሲያሰፋና ላብ ፈሳሽ ሲቀንስ ይህ ሥራ ይከብደዋል።

እንደ እኔ እምነት ከሁሉ የከፋው «ግፊቴ ሲወጣ ራሴን ስለሚያመኝ አውቀዋለሁ» የሚለው ነው፤ ስንቶች በዚህ ተማምነው መድኃኒታቸውን ያቋርጣሉ! ግፊት ከፍ ብሎ ሲቆይ ጠቋሚዎቹ በቀናት ውስጥ ይለምዱታል፤ ከዚያ በኋላ አንጎል 160 በ100ን እንደ ጤናማ ልክ ቆጥሮ ይጠብቀዋል እንጂ አቤት አይልም። መድኃኒት ሲጀመር አንዳንዱን ሰው የሚያዞረውም ጠቋሚዎቹ ከለመዱት ልክ በድንገት ስለሚወርድ ሊሆን ይችላልና፣ ለሐኪም መንገር እንጂ ማቋረጥ አይገባም።

በመጨረሻም «ጫት መንፈስን ስለሚያረጋጋ ልብንም ያረጋጋል» ይባላል። በቅጠሉ ያለው ካቲኖን ከነርቭ ጫፎች ኖርአድሬናሊን የተባለውን አነቃቂ ንጥረ ነገር ስለሚያስለቅቅ ምቱንም ግፊቱንም ይጨምራል። ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ ይቀንሳል፤ ከአወዳይ ትኩሱ ተጣድፎ የሚመጣውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ቅሞ የሚለካ ሰው መቃሙን ለለካው ባለሙያ ቢናገር ቁጥሩ በትክክል ይነበብለታል።