አንኮበር በጆሮ፦ ከአልዩ አምባ እስከ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ

አንኮበር በሰሜን ሸዋ ዞን፣ ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ድንገት ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ ትገኛለች። ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ከ18ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ፣ ከአምኃ ኢየሱስ ዘመን ጀምሮ የሸዋ ገዢዎች መናገሻ ነበረች። የዛሬው የወረዳ ከተማ ግን ጎረቤላ ነው። ስለዚህ ከመኪና የወረደ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው የማንኛውንም የወረዳ ከተማ ሱቅና ቆርቆሮ ነው፤ «አንኮበር የታለች?» ብሎ መጠየቁም አይቀርም።

ጥያቄው ተገቢ ነው። አዳራሹም እልፍኙም በአብዛኛው የእንጨት፣ የጭቃና የሣር ሥራ ስለነበር ዘመን በልቶታል፤ በኮረብታው አናት የቀረው የግንብ ቁራጭ ነው። የጎንደርን ግንቦች ያየ ዓይን እዚህ ሲደርስ ቅር ይለዋል። በድምፅ እየተመሩ መጎብኘት ለአንኮበር የሚስማማትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለማየት የቀረው ጥቂት ቢሆንም የሚሰማው ብዙ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትረካው በየማቆሚያው ተከፋፍሎ ይቀረጻል፣ ጎብኚው በስልኩ ይጭነዋል፣ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ በእግሩ ይሄዳል። ድምፁ «እዚህ ቁም፣ ወደ ቀኝ ተመልከት» እያለ ይመራዋል። መሠረቱ የሙዚየም ሥራ ነው፤ አምስተርዳም የሚገኘው የስቴደሊክ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1952 ለጎብኚዎቹ በአጭር ርቀት ሬዲዮ ትረካ ማሰማት ጀመረ። ካናዳዊቷ ሠዓሊ ጃኔት ካርዲፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ሐሳቡን ከአዳራሽ አውጥታ ወደ ጫካና ወደ ጎዳና ወሰደችው። ለአንኮበር የሚያዘጋጅ ሰው ግን አንድ ነገር ማሰብ ይኖርበታል፦ ጉም። «በስተ ምሥራቅ የአዋሽን ሜዳ ታያለህ» የሚል ድምፅ እየሰሙ የገዛ እጅን ለማየት መቸገር እዚያ አፋፍ ላይ የተለመደ ነው። ፋይሉንም ደብረ ብርሃን ላይ ጭኖ መነሣት ይሻላል።

ጎብኚዎች አብዛኛውን ጊዜ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ይጀምራሉ። ስሕተት ይመስለኛል። የአንኮበር ሀብት ከታች ወደ ላይ ነው የወጣው፤ ስለዚህ ጆሮም ከታች፣ ከአልዩ አምባ ቢነሣ ይገባዋል። አልዩ አምባ የዓርብ ገበያ ነበረች። ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ በአፋር በረሃ ያለፈ ሲራራ መጀመሪያ ፋሪ ኬላ ላይ ቀረጥ ይከፍላል፣ ከዚያ ወደዚህች ገበያ ይወጣል። የኢፋት እስላሞች ገዢ የነበረው ወላስማ መሐመድ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ይህን በር ይጠብቅ ነበር። አርጎባው፣ ሐረሪው፣ አፋሩና የደጋው አማራ እዚህ ይገናኛሉ።

እዚህ ማቆሚያ ላይ ትረካው ሁለት ገንዘብ ቢያስጨብጥ መልካም ነው። አንዱ አሞሌ ነው፦ ወገቡ ወፈር፣ ጫፍና ጫፉ ቀጠን ያለ የጨው ጡብ፣ እንዳይሰበር በልጥ የታሰረ። ጫፉ ከተሸረፈ ወይም እርጥበት ከበላው ዋጋው ይወርዳል፤ በክረምት ገንዘብ ይሟሟል ማለት ነው። ሁለተኛው የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው፤ መቼም ቢመታ 1780 የሚል ዓመት አለበት። ሻጩ የዘውዷን እንቁ በጣቱ ቆጥሮ፣ የትከሻዋን ጌጥ አይቶ ካልሆነ አይቀበልም። ነገር ግን ስለ ጨውና ስለ ቡና ብቻ የሚያወራ ድምፅ ጎብኚውን ይሸነግለዋል፤ በአልዩ አምባ አጠገብ በአብዱል ረሱል መንደር የሚሸጠው ሰው ነበር።

ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። የከተማዋ ስም በአፈ ታሪክ «የአንኮ በር» ማለት ነው ይባላል፤ አንኮ ቦታውን ትገዛ የነበረች ሴት ናት ይላሉ። ታሪኩ እውነት ሆነም አልሆነ፣ «በር» የሚለው ቃል ለምን እንደ ተመረጠ ዳገቱን በእግሩ የወጣ ሰው አይጠይቅም።

ላይኛው ከተማ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የተሰባሰበ ነው፤ ማርያም፣ ሚካኤል፣ መድኃኔ ዓለም፣ ኪዳነ ምሕረት። ስለ ጥንቱ ሰፈር ብዙውን የጻፉት የውጭ ሰዎች ናቸው፦ በ1831 ዓ.ም. የመጣው ሚስዮናዊ ክራፕፍ፣ በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝን መልእክተኞች መርቶ የገባው ካፒቴን ሃሪስ፣ አልዩ አምባ የሰነበተው ሐኪም ጆንስተን። ሃሪስ ኮረብታውን ከግርጌ እስከ አናት የከበበውን የእንጨት አጥር ጽፎልናል፤ ለዚህ ባለውለታችን ነው። ብዕሩ ግን ማጋነን ይወዳል። እርሱን ብቻ ተከትሎ የተቀረጸ ትረካ ከተማዋን በእንግዳ ዓይን ያሳያል፤ ከጎኑ የደብር አለቃ፣ የአርጎባ ነጋዴና የገበያ ሴት ድምፅ ቢገባ ሚዛኑ ይስተካከላል።

ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሲወጣ ትረካው ማጠር አለበት፤ ትንፋሽ ይቆርጣል። ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን ገዙ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋ ላይ ሲዘምቱ ልጃቸው ኃይለ መለኮት በሕመም ሞቱ፣ የኃይለ መለኮት ልጅ የ11 ዓመቱ ምኒልክም ተማርከው ሄዱ። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሲመለሱ የአባታቸውን ዙፋን ያዙ። በ1869 ዓ.ም. ለመጣው የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ቡድን በአቅራቢያው «ሌት ማረፊያ» የተባለውን ቦታ ሰጡ፤ መሪው አንቲኖሪ በ1874 ዓ.ም. እዚያው ሞቶ ተቀበረ። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም በ1871 ዓ.ም. ወደ ምኒልክ የመጣው እዚህ ነው። አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ ጠመንጃ አስጭኖ አንኮበር ሲገባ ግን ንጉሡን አጣቸው፤ እንጦጦ ድረስ ሊከተላቸው ግድ ሆነ። መናገሻነቷ እንዳበቃ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ የለም።

በቅርብ ዘመን አናቱ ላይ ሎጅ ተሠርቶ ነበር። በግንቡ ቁራጭ አጠገብ ያለው የመጨረሻ ማቆሚያ ግን ትረካ ባይኖረው እመርጣለሁ፤ «ማዳመጫውን አውልቅ» ብሎ ዝም ይበል። ከገደሉ ነፋስ ይነሣል፤ ዕድለኛ የሆነ ደግሞ ሳይንስ እ.ኤ.አ. በ1979 በዚህች ከተማ ስም የመዘገባትን፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ገደሎች በቀር የትም የማትገኘውን ትንሽ ቡናማ ወፍ ይሰማል።