ልጆችን ይዘን ስንወጣ፦ የምንላቸው ነገሮችና እውነታው

ልጆች ከክፍል ወጥተው ወንዝና ተራራ ላይ ቢማሩ ደስ ይለኛል። ለዚህም ነው አንዳንድ አባባሎቻችን የሚያሳስቡኝ። (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ሰማዩ ጠርቷል፣ ምን ይመጣል?»

ደራሽ ውሃ ይመጣል። ዝናቡ ደጋ ላይ ይጥላል፤ ጎርፉ ግን ቆላ ወርዶ ፀሐይ የሚሞቀውን ሰው ይወስዳል። በ2018 ሚያዝያ፣ እስራኤል ውስጥ ናሐል ጻፊት በሚባል የበረሃ ሸለቆ 10 ወጣቶች በጎርፍ አለቁ። ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ወጥቶ ነበር። በ2008 ኒውዚላንድ፣ ማንጋቴፖፖ ወንዝ ላይ 6 ተማሪዎችና መምህራቸው በድንገት በሞላ ውሃ ሞቱ። ስለዚህ ከጉዞ በፊት የላይኛው አገር ሰማይ ይጠየቅ። ሸለቆ ውስጥ ሳላችሁ ደግሞ ውሃውን እዩት። ጠርቶ የነበረው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ ዕቃ ልሰብስብ ማለት የለም። ልጆቹን ይዞ ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታ መውጣት ነው። ወደ ታች መሮጥ አያዋጣም፤ ውሃው ይቀድማል።

«የሚሰጥም ልጅ ይጮሃል፣ እንሰማዋለን»

አብዛኛውን ጊዜ አይጮህም። አፉ ብቅ የሚለው አየር ለመሳብ ያህል ብቻ ነው፤ ለጩኸት አይተርፈውም። እጁንም አያውለበልብም። ላንጋኖን አስቡት፦ እስከ ጉልበታችሁ ገብታችሁ እግራችሁ አይታያችሁም። እዚያ ውስጥ ዝም ብሎ የጠፋን ልጅ ማን ያየዋል? ልጆቹን ጥንድ ጥንድ አድርጉ፣ በየጥቂት ደቂቃው ቁጠሩ። አንድ አዋቂ ደግሞ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ውሃውን ብቻ ይይ።

«መንቀጥቀጡን አቁሟል፣ ሞቆታል»

ሰሜን ተራሮች ላይ ልብሱ የራሰ ልጅ መንቀጥቀጡን አቁሞ ንግግሩ ከተንተባተበ ብርዱ እየባሰበት ነው። ቶሎ ደረቅ ልብስ፣ ከነፋስ መከለያ፣ ሐኪም።

«አደጋ ነው፣ ምን ይደረጋል»

ይህን ስሰማ ያመኛል። በ1993 እንግሊዝ ውስጥ፣ ላይም ቤይ በሚባል የባሕር ወሽመጥ 4 ተማሪዎች በካያክ (በመቅዘፊያ በሚነዳ ጠባብ ጀልባ) እንደወጡ ሞቱ። ይዟቸው የወጣው የውጭ ስፖርት ማሠልጠኛ ማዕከል የቀድሞ አሠልጣኞች ከወራት በፊት በደብዳቤ አስጠንቅቀው ነበር። ኃላፊው ታሰረ፤ በ1995ም እንዲህ ያሉ ማዕከላት ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ።

«የሚያስፈራው ገደሉ ነው»

መንገዱስ? ወላጅ ስለ ተራራው አሥር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ስለ አውቶቡሱ አንድም። የፈቃድ ወረቀቱን ከመፈረማችሁ በፊት ሹፌሩ ሌሊቱን ተኝቶ እንደሚያድር፣ መመለሻውም ሳይመሽ እንደሆነ ጠይቁ።