ከተማ ማቋረጫ ጊዜ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ላይ «ከአየር ማረፊያ በሌላኛው የከተማዋ ጫፍ እስካለው ዘንዘልማ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «እንደ ሰዓቱ ነው» ይሆናል። ሰውየው ሊገላገላችሁ ፈልጎ አይደለም። ትክክለኛው መልስ እሱ ነው።

ከተማ ማቋረጫ ጊዜ ማለት ከአንዱ የከተማ ጫፍ ተነስቶ ሌላው ጫፍ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ቁጥሩ ግን አንድ ብቻ አይደለም። መንገዱ ጭር ሲል የሚፈጀው አለ፣ ሲጨናነቅ የሚፈጀው አለ። የትራንስፖርት ባለሙያዎች ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ያካፍሉታል። ለስሌት እንዲመች 12 ኪሎ ሜትር መንገድ እንውሰድ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከተነዳ 18 ደቂቃ ነው። ያው መንገድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 36 ደቂቃ ከፈጀ ውጤቱ 2 ይመጣል። የመጨናነቁ ልክ ይሄ ነው።

ባሕር ዳር ላይ ነገሩን የሚወስነው የከተማዋ ስፋት ሳይሆን አቀማመጧ ነው። በሰሜን ጣና አለ፣ መኪና በዚያ በኩል አቋራጭ የለውም። ከጣና የሚወጣው ዓባይ ደግሞ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። ስለዚህ ወደ ጎንደር መስመር የሚሄድ ሁሉ ድልድዩ ላይ ይገናኛል። አሮጌው ድልድይ ጠባብ ነው። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ግን 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው፤ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፋል። እፎይ የሚያሰኝ ነው። ችግሩ፣ ማነቆ አንድ ቦታ ሲፈታ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ድልድዩን ሽው ብሎ ያለፈ መኪና ሁሉ ቀጣዩ መስቀለኛ መንገድ ላይ ይጠባበቃል።

ከዚያ ደግሞ ባጃጁ አለ። «ወራጅ አለ!» ሲባል ጥግ ሳይይዝ ቀጥ ይላል። ተሳፋሪው መቶ ብር ያወጣል፣ ሾፌሩ መልስ ፍለጋ ኪሱን ይዳብሳል። ቢበዛ ግማሽ ደቂቃ ነው። ከኋላው ያለው ሚኒባስ ፍሬን ይይዛል፤ ቀጣዩ ትንሽ ጠንከር አድርጎ ይይዛል። እንዲህ እያለ ራቅ ብሎ ያለው ጭራሽ ይቆማል። ባጃጁ ከሄደ በኋላም መቆሙ ከመኪና ወደ መኪና ወደ ኋላ ይተላለፋል። በነገራችን ላይ፣ ለመውረጃ የሚሆን ጥግ በሌለበት ባለባጃጁን ብቻ መርገም አይገባም። የሳይክል ነጂዎች ግን ይሄ ሁሉ እምብዛም አይነካቸውም፤ የጠዋቱና የቀትሩ ደቂቃቸው ተቀራራቢ ነው።

በረራ ላለበት ሰው አማካዩ ደቂቃ አይጠቅምም። አማካይ ማለት አንዳንዴ ትደርሳላችሁ፣ አንዳንዴ አውሮፕላኑን ከታች ሆናችሁ ታያላችሁ ማለት ነው። ባለሙያዎች ከ20 ጉዞ 19ኙን በሰዓቱ የሚያደርሰውን ጊዜ ይይዛሉ። አማካዩ 25 ደቂቃ የሆነ መንገድ በዚህ ስሌት 40 ሊጠይቅ ይችላል። የጥምቀት ዕለት ግን 40ውንም እርሱት። ታቦት እስኪያልፍ መኪና ይቆማል።